ታብ ሲመታ የተደገመው ስም

ሰርቨር ላይ አዲስ ቨርዥን የምንጭንበት የራሳችን የተርሚናል መሣሪያ አለን። ታብ ስትመታ የአገልግሎቱን ስምና ቨርዥኑን ይሞላልሃል። በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹት ቴስቶች ሁሉ አረንጓዴ ናቸው፤ ያልፋሉ ማለት ነው። አንድ ቀን ኦፕሬሽን ክፍል ያለ ልጅ የስክሪኑን ፎቶ ላከልኝ። «ዌብ:1» ጽፎ ታብ ሲመታ «ዌብ:ዌብ:1.4» ሆኖበታል። «ይሄ ነገር ይንተባተባል እንዴ?» አለኝ።

ቴስቱን ከፈትኩት። ታብ ሲመታ የሚሞላውን ፈንክሽን (የኮድ ክፍል) በቀጥታ ይጠራና «ዌብ:1»ን እንደ አንድ ቃል ያቀብለዋል። «ዌብ:1.4» ይመለሳል፣ ቴስቱም ያልፋል። ተርሚናሉ ላይ የሚጻፈውን ትዕዛዝ ተቀብሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ባሽ፣ ግን እንዲህ አያደርግም። ለእሱ ኮለን ቃል መለያ ነው። «ዌብ»፣ «:»፣ «1» ብሎ ይቆራርጠዋል፤ የሚተካው ደግሞ የመጨረሻዋን ቁራጭ ብቻ ነው። የእኛ ስክሪፕት ሙሉውን ስም ስለሚመልስ «1» ወጥታ ስሙ እንዳለ ገባ። ባሽ ታብ ሲመታ እንዲሞላ የሚያግዙ ስክሪፕቶች ስብስብ በሆነው ባሽ-ኮምፕሊሽን ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የተጻፈ ፈንክሽን አለ፤ ከመልሱ ላይ እስከ ኮለኑ ያለውን ይቆርጣል። እሱን መጥራት አንድ መስመር ነው።

ክርክር የተነሳው ቴስቱ ላይ ነው። አንዷ ባልደረባዬ «የሚመጣውን ዝርዝር በሙሉ እናወዳድር» አለች። እኔ አልተዋጠልኝም። አዲስ ትዕዛዝ በተጨመረ ቁጥር ቴስቱ ይወድቃል። ሰው ደግሞ ይሰለቻል፤ የሚጠበቀው ዝርዝር ያለበትን ፋይል ሳያነበው ያድስና ይሄዳል። ይልቅ ታብ ከተመታ በኋላ መስመሩ ላይ የተጻፈውን እንይ አልኩ። ፔክስፔክት የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ እውነተኛ ባሽ ከፍቶ እንደ ሰው ይጽፍልሃል። የባሽ-ኮምፕሊሽን ፕሮጀክትም በእሱ ነው የሚፈትሸው።

«እሱ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ያለ ምክንያት ይወድቃል» አለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ በእውነተኛ ባሽ የሚሄዱት ጥቂት ብቻ ይሁኑ ተባባልን፦ ኮለን ያለው ስም፣ ክፍት ቦታ ያለው የፋይል ስም፣ ቃሉ ሲሞላ ከኋላው ክፍት ቦታ መግባቱ። ለሌላው ፈንክሽኑን በቀጥታ የሚጠራው ቴስት ይበቃል። የምንፈልገው ትዕዛዝ አለ ወይ? የተደበቀው አልወጣም ወይ? የቀረው ዝርዝር እንደፈለገ ይሁን።

እኔ ያላሰብኩትን ያመጣችው ግን እሷ ናት። የቨርዥኑ ዝርዝር የሚመጣው ከሰርቨር ነው። ኔትወርክ ቢጠፋስ? ሰርቨሩ በማይገኝበት ጊዜ ታብ ሲመታ ስክሪኑ ላይ ምንም መውጣት የለበትም የሚል ቴስት ጻፈች። አስኬደችው። በተጀመረው ትዕዛዝ መሀል የፓይተን ስህተት ከላይ እስከ ታች ተዘረገፈ።