ሐረር፣ ከጀሚዕ መስጊድ ደጃፍ

ዛሬ በጠዋት ከድሬዳዋ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የደንገጎን ዳገት ወጥተን፣ አወዳይን አልፈን ሐረር ገባን።

በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ በጀጎል ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ። ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን የቆዩ ናቸው። ግንቡ ያቀፈው ቦታ ግን 48 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው! አንዱን አይቼ ሳልጠግብ ሌላው ብቅ ይላል። አንዳንዱ ከጎረቤቱ ቤት አይበልጥም፤ ባይነግሩኝ አልፌው እሄድ ነበር። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. የመዘገበው ይህንን ሁሉ ነው።

ትልቁ ጀሚዕ መስጊድ ጋ ስደርስ የዙህር፣ የቀትር ሶላት ሰዓት ደርሷል። እኔ ክርስቲያን ነኝ። ሰጋጆቹን እንዳልረብሽ ነጠላዬን ተከናንቤ ደጅ ቆምኩ። አንድ ሽማግሌ አዩኝና፣ «ምነው ልጄ፣ ፀሐይ ላይ? ነይ እዚህ ጥላ አለ አቦ» አሉኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስለ አሚር ኑር አወሩልኝ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋን በግንብ ስላጠሩት። እንደ ሩቅ ታሪክ ሳይሆን እንደ አያታቸው ነበር የሚያወሩት።

ከዚያ አዛን ተሰማ። መጀመሪያ ከዚሁ፣ ቀጥሎ ከወዲያ ሰፈር፣ ከዚያ ከየአቅጣጫው። ሰውነቴን ወረረኝ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። «ሳትበዪ እንዳትሄጂ» ብለውኝ ገቡ።