የባዝራዬ ጆሮና የልጓሙ ጣጣ

ባዝራዬ ልጓም ስታይ ፊቷን ማዞር የጀመረችው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ጆሮዋን ወደ ኋላ ትለጥፍ ነበር። ቀጥሎ ስጋልባት ጭንቅላቷን መነቅነቅ አመጣች። በመጨረሻ ልጓሙን በትከሻዬ አንጠልጥዬ ብቅ ስል ገና ከበር ታየኝና አንገቷን ሽቅብ ትሰቅላለች፤ እጄ አይደርስም። እኔም «ጠባይዋ ተበላሸ» ብዬ ደመደምኩ። ከአንድ ወር በላይ በእሷ ሳላክክ ከረምኩ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ዓይኔን የገለጠው ላብ ነው። አንድ ቀን ጥሩ አድርገን ሠርተን ልጓሙን ሳወልቅ፣ ጠፍሮቹ ያረፉበት ሁሉ በላብ ርሷል፤ ከሁለቱ ጆሮዎቿ ሥር ግን አውራ ጣት የምታህል ቦታ ደርቃ ቀርታለች። የዚያች ቦታ ፀጉር ተንጨባርሮ ወደ ላይ ቆሟል። በጣቴ ጫን ሳደርገው ዓይኗን ጨፈነችና ጭንቅላቷን ነጠቀችኝ። ዙሪያው ርሶ አንድ ቦታ ብቻ ከደረቀ፣ እዚያ ላይ ላብ እንኳ እስከማይወጣ ድረስ የሚጫን ነገር አለ ማለት ነው። ኮርቻ ሳወርድ ጀርባዋን እንዲህ ማየት ልማዴ ነው፤ ልጓም ሳወልቅ ጆሮዋን ማየት ግን አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ልጓሙን ከመክሰሴ በፊት ሐኪም አስጠራሁ፤ ይህን ማንም እንዳይዘል እለምናለሁ። ጆሮ ውስጥ መዥገር ይደበቃል። በቫይረስ የሚመጣ፣ በትንንሽ ጥቁር ዝንቦች የሚተላለፍ ነጭ ቅርፊት በጆሮ ውስጠኛ ገጽ ላይ ሊወጣ ይችላል። ጥርሱን የታመመ ፈረስም ልጓም ሲመጣ ይሸሻል። ሐኪሙ ጆሮዋንም አፏንም መርምሮ ንጹሕ ናት አለኝ። ያን ጊዜ ነው ፊቴን ወደ ጠፍሩ ያዞርኩት።

እዚህ ላይ ትንሽ ስለ ጆሮ ላውራ፤ ይህን ሳላውቅ ብዙ ደክሜያለሁና። ቆሞ የምናየው ጆሮ ከፊሉ ብቻ ነው። ሥሩ ቆዳው ውስጥ ገብቶ ወደ ታች ይወርዳል። ከፊቱ ዝቅ ብሎ የመንጋጋው መገጣጠሚያ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ያልፋል። ከኋላው የመጀመሪያው የአንገት አጥንት ክንፎች በሁለቱም በኩል ወጣ ብለው በጣት ይዳሰሳሉ። እንግዲህ ከጆሮ ኋላ የሚያልፈው ጠፍር ያለው ቦታ በጆሮው ሥርና በእነዚህ ክንፎች መካከል ያለች ጠባብ ሸለቆ ብቻ ናት። ወደ ፊት ቢንሸራተት ጆሮውን ይቆረጥመዋል፤ ወደ ኋላ ቢሄድ አጥንቱን ይመታል።

እኔ ግን ቶሎ ወደ ማለስለሱ ሮጥኩ። ከጆሮዋ ኋላ በሚያልፈው ጠፍር ላይ የበግ ቆዳ ከነፀጉሩ ጠቀለልኩበት። ለአንድ ቀን የተሻላት መሰለኝ፤ በሦስተኛው ቀን ባሰባት። ጠባብ ጫማ ውስጥ ወፍራም ካልሲ እንደ መጨመር ነው፤ ቦታ ሳይጨመር ውፍረት ተጨመረ። ቀጥዬ ሰፊና በስፖንጅ የተሞላ ልጓም ገዛሁ። እጅ ላይ ሲይዙት ትራስ ይመስላል። አንገቷን ስታጎነብስ ግን የኋለኛው ጠርዝ በአጥንቱ ክንፍ ላይ ይወጣባት ነበር። ሰፊ ሁሉ ምቹ አይደለም፤ ያቺ ሸለቆ የምትችለው ስፋት ልክ አለው።

ነገሩን የፈቱልኝ አንድ ኮርቻ ሠሪ ናቸው። አሮጌውን ልጓም አድርጌላት ወሰድኳት። እሳቸው ከጆሮዋ ኋላ ያለውን ጠፍር አልነኩም። ጣታቸውን በግንባሯ ላይ በሚያልፈው ጠፍር ሥር ለማስገባት ሞከሩ፤ አልገባም። «የኔ ልጅ፣ አንቺ የኋላውን ትወቅሻለሽ፤ የሚጎትተው የፊቱ ነው» አሉኝ። ከዚያ የግንባሩን ጠፍር ከአንድ ወገን አወለቁት። ማንም ሳይነካው የኋላው ጠፍር በራሱ ሸርተት ብሎ ወደ ኋላ ሄደና ሁለት ጣት ያህል ርቆ ተቀመጠ። ባዝራዬ አፏን ከፈተች፣ ምላሷን አወጣች፣ ደጋግማ አዛጋች። እኔ ቃል አልወጣኝም።

ምስጢሩ ይኸው ነበር። የግንባሩ ጠፍር ሲያጥር ሁለቱን ጫፎች ወደ ፊት ይስባል፤ እነሱ ደግሞ የኋላውን ጠፍር ይዘው ከጆሮው ሥር ይለጥፉታል። ሁለት ልጓም ስቀያይር የሁለቱም የግንባር ጠፍር አጭር መሆኑን አላየሁም። የልጓም ልክ የሚሠራው አማካይ ለሚባል ራስ ነው፤ የእኔዋ ግንባሯ ሰፊ፣ ፊቷ ግን አጭር ነው። የጉንጩ ጠፍር ከትንሹ ልክ፣ የግንባሩ ከትልቁ ልክ መሆን ነበረበት። ጠፍሮቹ በዘለበት ስለሚፈታቱ ቀላቅሎ መግጠም ይቻላል፤ ሁሉም ከአንድ ስብስብ መምጣት አለበት ያለ የለም።

ልኬቱን በልብስ ሰፊ ሜትር ወሰድኩ። በመጀመሪያ የኋላውን ጠፍር ከጆሮዋ ሥር አርቄ መቀመጥ ባለበት አስቀመጥኩት። ከዚያ ከአንዱ ወገን የፊት ጠርዙ ተነስቼ፣ ከጆሮው ሥር አንድ ጣት ዝቅ ብዬ፣ በግንባሯ ዞሬ ሌላው ወገን ደረስኩ፦ 41 ሴንቲ ሜትር። አሮጌው 37 ነበር። ለአራት ሴንቲ ሜትር ያ ሁሉ ጸብ! ሜትሩን ስታጠብቁት ቁጥሩ ያንሳል፤ ላላ አድርጋችሁ ለኩ። አብዝታችሁ ብታረዝሙትም ጠፍሩ እየተወዛወዘ ዓይኗ ላይ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሁለት ጣት ሥሩ በቀላሉ ሲንሸራተት እኔ በቃ እላለሁ።

ሁለተኛው ጥፋተኛ የአፍንጫው ጠፍር ሆነ። እሱን የሚሸከመው ቀጭን ማንጠልጠያ ከዋናው ጠፍር ሥር ለሥር ያልፋል፤ ስለዚህ ከጆሮዋ ኋላ በአንድ ፈንታ ሁለት ጠፍር ተደራርቦ ነበር፤ የታችኛው እንደ ገመድ ይሰረስራታል። ኮርቻ ሠሪው ማንጠልጠያውን ከላይ አሳለፉትና ዋናው ሰፊ ጠፍር ብቻ ቆዳዋን እንዲነካ አደረጉ። የአፍንጫው ጠፍር ራሱ ሲጠብቅም ጫናው ወደ ላይ ይደርሳል። ዓለም አቀፉ የፈረስ ግልቢያ ሳይንስ ማኅበር በጠፍሩና በአፍንጫ አጥንቱ መካከል፣ ልክ መሐል ላይ፣ ሁለት ጣት እንዲያልፍ ይመክራል። መሐል ላይ ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በጎን ወይም በአገጭ ሥር ሥጋው ለስላሳ ስለሆነ ጣት ገባ ተብሎ መታለል አለ። የጉሮሮውን ጠፍር ደግሞ የተጨበጠ እጄ እስኪያልፍ ላላ አደርገዋለሁ።

በዚህ ልክ የያዝኩት አዲሱ ልጓም ከጆሮው ሥር ጎድጎድ ተደርጎ የተቆረጠ ነው። ወደድኩት፤ ግን ጉድጓዱ ከጆሮዋ ጋር ልክ ባይገጥም ኖሮ ምንም አይፈይድም ነበር። ጆሮዎቹ የተቀራረቡ ፈረስ ላይ ያው ጉድጓድ ከቦታው ይርቅና ሹሉ ጠርዝ ጆሮው ላይ ያርፋል። ቆማ ብቻ ሳትሆን አንገቷን አጎንብሳ፣ ቀና ብላ፣ እያኘከችም ጣቴን በጠፍሩ ሥር አስገብቼ ተከተልኩት። ቆማ ልክ የሆነው መንጋጋዋ ሲንቀሳቀስ ሊጠብቅ ይችላልና።

ሕመሙ ቢጠፋም ትዝታው አልጠፋም። ልጓሙ ምቹ መሆኑን እሷ በምን ታውቃለች? ለሁለት ሳምንት ያህል ልጓሙን በጆሮዋ ላይ ማሳለፍን ተውኩ። የግራውን የጉንጭ ጠፍር ፈትቼ፣ የኋላውን ጠፍር እንደ ሻሽ ከጆሮዋ ኋላ አሳልፌ፣ ከወገኗ ቆሜ በዘለበቱ አስራለሁ። ስጨርስ የጆሮዋን ሥር አክላታለሁ፤ ይህን ትወዳለች፣ ከንፈሯ ይረዝማል። ከዚያ በኋላ ነው ጆሮዋን በመዳፌ ሸፍኜ ቀስ ብዬ ወደ ፊት እያዘነበልኩ አንድ በአንድ ማስገባት የጀመርኩት። ጆሮ ይዞ መጎተት የጀመረ ሰው ካለ፣ እኔ ያሳለፍኩትን ወር ገና ያሳልፈዋል።

አሁንም ልጓሙን ባወለቅኩ ቁጥር የጆሮዋን ሥር አያለሁ፤ ላቡ እኩል ነው ወይ፣ ፀጉሩ ተኝቷል ወይ እያልኩ። አዲስ ቆዳ ስለሚለጠጥ ከጥቂት ወር በኋላ የጉንጩን ጠፍር በአንድ ቀዳዳ አሳጥሬዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት መሐል መንገድ ላይ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ልቤ ወደቀ። ዘልዬ ወርጄ ግንባሯን፣ ጆሮዋን፣ ዘለበቱን ሁሉ ዳሰስኩ። ዝንብ ነበር።