ለቤት የኤስኤስዲ ማከማቻ ስትመርጡ ከፍጥነቱ በፊት ዋቱን ቁጠሩ

የቤተሰቡን ፎቶ፣ ቪዲዮና ሰነድ የሚይዝ የኔትወርክ ማከማቻ ልገዛ ስነሳ የምፈልገውን አውቅ ነበር፦ ትንሽ፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ሳይሆን ዳታን በቺፕ ላይ የሚይዘው ኤስኤስዲ ያለበት፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ድምፁ የማይሰማ ሳጥን። እንዲህ ያሉት አሁን በርክተዋል። አሱስቶር ፍላሽስቶር በሚለው ስም ባለ 6 እና ባለ 12 ማስገቢያ ያወጣል፤ ቴራማስተር ባለ 8 አለው፤ ቢሊንክም ባለ 6። እኔ የገዛሁት ባለ 4 ሲሆን ከእነዚህ ድርጅቶች የአንዳቸውም አይደለም፤ ስሙን አልጠቅስም። የደረሰብኝ ነገር ግን ሳጥኑ ጠቦ ኤስኤስዲው በበዛበት ሁሉ ሊደርስ የሚችል ነው። ከመግዛቴ በፊት አንድ ሰው ይህን ጽፎት ባገኘው ኖሮ ብዙ ንዴት በቀረልኝ።

የአምራቾቹ ማስታወቂያ ከላይ እስከ ታች ስለ ፍጥነት ነው። ስለ ፍጥነት ማወቅ የሚያስፈልጋችሁ ግን በአንድ አንቀጽ ያልቃል። ማሸጊያው ላይ «በሰከንድ 7,000 ሜጋባይት» የተጻፈበት የፒሲአይኢ 4.0 ድራይቭ (ፒሲአይኢ ድራይቩና ሳጥኑ ዳታ የሚለዋወጡበት መንገድ ነው) ገዝታችሁ ብታስገቡ፣ ማስገቢያው ብዙውን ጊዜ አንድ የፒሲአይኢ 3.0 መስመር ብቻ ስለሚሰጠው ከ985 ሜጋባይት አያልፍም። እንደ ኢንቴል ኤን100 ያለው በእነዚህ ሳጥኖች ውስጥ የተለመደ ፕሮሰሰር በጠቅላላው ያለው 9 መስመር ነው፤ ድራይቮቹም ኔትወርክ ካርዱም የሚካፈሉት ያንኑ ነው። ከሳጥኑ ወደ ኮምፒውተራችሁ የሚደርሰው ደግሞ በ2.5 ጊጋቢት ኬብል ቢበዛ በሰከንድ 280 ሜጋባይት አካባቢ፣ በ1 ጊጋቢት 110 ገደማ፣ በዋይፋይ ብዙ ጊዜ ከዚያም በታች ነው። ስለዚህ ለፈጣን ድራይቭ የምትጨምሩት ገንዘብ በቤት ማከማቻ ላይ ምንም አያስገኝላችሁም። እንዲያውም ይጎዳል።

ድራይቮቹን መግጠም፣ ሲስተሙን መጫን፣ አራቱን በሬይድ 5 (አንዱ ድራይቭ ቢጠፋ ዳታው ከቀሩት እንዲመለስ በሚያደርገው ዘዴ) ማዋሃድ፣ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አካውንት መክፈት፣ የስልኮቹን ፎቶ በራሱ እንዲቀበል ማድረግ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ተጠናቀቀ። ድራይቮቹን የመረጥኳቸው አምራቹ ራሱ «ተስማሚ» ብሎ ካወጣው ዝርዝር ነው። ሬይድ 5ንም ያደረግኩት መመሪያው ለአራት ድራይቭ የሚመክረው እሱን ስለሆነ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ ስለተነሳው ክርክር ነው።

አሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ የነበረውን በሙሉ ስገለብጥ አንድም እንከን አልታየም። ፎቶው ተከፈተ፣ ቪዲዮው ሳይቆራረጥ ታየ፣ ሳጥኑም ድምፁ የለም። ከዚያ የመጀመሪያው ስክረብ ደረሰ። ስክረብ ማለት ሲስተሙ በየተወሰነው ጊዜ በድራይቮቹ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ብሎክ አንብቦ ዳታው እንዳልተበላሸ የሚያረጋግጥበት ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ የሚካሄደው ሰው በተኛበት ሰዓት ነው። ጠዋት ስነሳ ስልኬ ላይ የጠበቀኝ መልእክት «ድራይቭ 3 አልተገኘም» ይላል።

ቃሉን አስተውሉ፤ ተበላሸ አላለም፣ አልተገኘም ነው ያለው። ሳጥኑን አጥፍቼ ሳበራው ድራይቩ ተመለሰ። የጤና መረጃው ሲታይ አንድ ስህተት እንኳ አልመዘገበም። ሲስተሙ ግን አንዴ ከሬይዱ ስለወጣ ዳታው እንደ አዲስ ካልተገነባበት አልቀበለውም አለ፤ ግንባታው ተጀመረ። ግንባታው መሐል ላይ ሲደርስ ድራይቭ 1 ጠፋ። ሬይድ 5 የሚችለው የአንድ ድራይቭ መጥፋት ነው። ሁለተኛው ሲጠፋ ሙሉው ማከማቻ ተዘጋ። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ገና አላጠፋሁትም ነበርና የጠፋብኝ ፋይል የለም፤ ያንን ለማድረግ ያልቸኮልኩት አስቤበት ነው፣ እናንተም አትቸኩሉ። አዲሱ ሳጥን ቢያንስ አንድ ሙሉ ስክረብ በሰላም ሳይጨርስ የድሮውን ቅጂ እንዳትነኩ።

ለአምራቹ የድጋፍ ክፍል ጻፍኩ። የመጀመሪያው መልስ «ድራይቩ ስለተበላሸ ይቀይሩት» የሚል ነበር። የትኛውን? የጠፉት ሁለት የተለያዩ ድራይቮች ናቸው፣ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። ሎጉን (ሳጥኑ የመዘገበውን የክስተት ዝርዝር) አያይዤ ላክሁ። ቀጥሎ ሌላ ሰው መለሰና ፈርምዌሩን (መሣሪያው ውስጥ ያለውን ሶፍትዌር) አድስ አለኝ፤ አደስኩ። ሌላው ደግሞ ሁሉንም አጥፍተህ ከዜሮ ጀምር አለኝ፤ ጀመርኩ። ስክረቡ ሲደርስ እንደገና አንድ ድራይቭ ጠፋ፣ በዚህ ጊዜ ቁጥር 2። እያንዳንዱ መልስ ሰጪ ከእሱ በፊት የተጻፈውን እንዳላነበበ ያስታውቃል። ድራይቮቹ ከራሳችሁ ዝርዝር የተገዙ ናቸው ስላቸው የሰጡኝ መልስ አሁንም ያንገበግበኛል፦ «ዝርዝሩ ዋስትና አይደለም።» ታዲያ ለምንድን ነው የሚያወጡት? ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ያንን ዝርዝር አምኖ ነው።

ከዚያ በኋላ ራሴ መፈለግ ጀመርኩ። ፍለጋውን ያሳጠረልኝ አንድ ሐሳብ ስለነበር በደንብ ላስረዳው። የሚጠፋው ሁልጊዜ አንድ ድራይቭ ከሆነ፣ ማስገቢያ ብትቀይሩለትም የሚጠፋው እሱው ከሆነ፣ ችግሩ ድራይቩ ነው። የትኛውም ድራይቭ ቢገባበት የሚጠፋው የአንድ ማስገቢያ ከሆነ ችግሩ ማስገቢያው ነው። አንዴ ይኼ አንዴ ያኛው እየተፈራረቀ ከሆነ ግን ችግሩ ሁሉም በጋራ በሚጠቀሙት ነገር ላይ ነው፤ ያም ሙቀት፣ ኤሌክትሪክ ወይም ሶፍትዌር ነው። የእኔ ሦስተኛው ነበር። ሶፍትዌሩን እነሱ ባሉት መንገድ ሁሉ ሞክሬዋለሁ። ሙቀትና ኤሌክትሪክ ቀሩ።

ሙቀቱን አስቀደምኩ። በስክረብ ጊዜ ድራይቮቹ እስከ 76 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወጡ ነበር፤ የአብዛኞቹ የቤት ኤስኤስዲዎች የሥራ ወሰን ከ0 እስከ 70 ነው። ድጋፍ ክፍሉ ይህንንም «የተለመደ ነው» ብሎኛል። የታችኛውን ክዳን ከፍቼ ትልቅ ማራገቢያ ፊት ለፊት አስቀመጥኩ፤ ሙቀቱ ወደ 50ዎቹ ወረደ። አንድ ድራይቭ ግን አሁንም ጠፋ። ሙቀቱ መስተካከል ያለበት ነገር ቢሆንም የጥፋቱ መነሻ አልነበረም ማለት ነው።

ከዚያ አንዱን ድራይቭ አውጥቼ የተለጠፈበትን ወረቀት አነበብኩ። 3.3 ቮልት፣ 2.5 አምፒር ይላል። አባዙት፤ 8.25 ዋት። አራት ድራይቭ ሲሆን 33 ዋት። አብሮ የመጣውን አዳፕተር ገለበጥኩት፤ 12 ቮልት፣ 3 አምፒር፣ ማለትም 36 ዋት። ለፕሮሰሰሩ፣ ለሜሞሪው፣ ለኔትወርክ ካርዱና ለፋኑ በጠቅላላ የተረፈው 3 ዋት ነው። እንደ ኤን100 ያለ ፕሮሰሰር በወረቀት 6 ዋት ይባላል፤ ሥራ ሲበዛበት ከዚያም በላይ ይስባል። ሒሳቡ ገና ሳይጀመር ከስሯል።

ታዲያ በሌላው ቀን ለምን አይጠፋም? ጠቅላላው ነገር የገባኝ እዚህ ላይ ነው። በአዘቦት ቀን ድራይቮቹን ኔትወርኩ ያሳርፋቸዋል። በኬብሉ የሚያልፈው 280 ሜጋባይት ለአራት ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ድራይቭ የሚደርሰው ሥራ ቀላል ነው፤ ኤሌክትሪክም ብዙ አይስብም። ስክረብና ግንባታ ግን ኬብሉን አይነኩትም። ሁሉም ድራይቭ በአንድ ጊዜ፣ ማስገቢያው እስከሚችለው ጫፍ ድረስ ያነባል፤ ፕሮሰሰሩም በዚያው ቅጽበት ሒሳቡን ያሰላል። ሳጥኑ ከፍተኛውን ኤሌክትሪክ የሚፈልገውና በጣም የሚሞቀው ያኔ ነው። ግንባታ ደግሞ የሚካሄደው አንድ ድራይቭ ከጎደለ በኋላ፣ መጠባበቂያ በሌለበት ሰዓት ነው። ማስታወቂያው ላይ ያለው የፍጥነት ፈተና ያንን ሰዓት አይለካም።

በአዳፕተሩና በሶኬቱ መካከል የዋት መለኪያ አስገባሁ። ሥራ ፈት ሲሆን 15 ዋት ገደማ፤ ስክረብ ሲጀምር ከ40 በላይ። አዳፕተሩ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ሲቀነስ እንኳ ጫፉ ላይ ነው፤ በቅጽበት የሚመጣውን ከፍታ ደግሞ እንዲህ ያለ መለኪያ አያሳይም። ለማረጋገጥ የስክረቡን ፍጥነት ከማስተካከያው ገብቼ «ፈጣን» ከሚለው ወደ «ዝቅተኛ» አወረድኩት፤ ፋብሪካው የሚያመጣው ፈጣኑን መርጦ ነው። ስክረቡ ረጅም ሰዓት ወሰደ፤ አንድም ድራይቭ ሳይጠፋ አለቀ። ከዚያ ቮልቴጁ፣ ሶኬቱና የፖላሪቲው (የፖዘቲቭና የኔጋቲቩ) አቅጣጫ አንድ የሆነ ባለ 5 አምፒር አዳፕተር ገዝቼ ቀየርኩ። ስክረቡን ወደ ፈጣን መልሼ አስጀመርኩት፤ ተጠናቀቀ። ድራይቭ ጠፍቶብኝ አያውቅም ከዚያ ወዲህ።

ይህን ሁሉ በቁጥር አስደግፌ ለድጋፍ ክፍሉ ላክሁ። የመጣው መልስ «ከኛ ያልሆነ አዳፕተር መጠቀም ዋስትናውን ያፈርሳል» የሚል ነበር፤ ጉዳዩም ተዘጋ። ኋላ ላይ ያው ሞዴል ባለ 60 ዋት አዳፕተር ይዞ መሸጥ እንደጀመረ አየሁ። ቀድሞ ለገዛነው የተላከ ማሳሰቢያ የለም። መልሱን ራሴ በማግኘቴ እኮራለሁ፤ ንዴቱ ግን አልወጣልኝም።

ስለዚህ ምክሬ ከመመሪያው የሚለይበት ቦታ አለ። ድራይቭ ስትመርጡ ዝቅተኛ ዋት ያለውን የፒሲአይኢ 3.0 ቲኤልሲ (በአንድ የቺፕ ሴል ሦስት ቢት የሚይዘውን ዓይነት) ፈልጉ፤ የተለጠፈበትን አምፒር ሳታዩ አትግዙ። አዲስና ፈጣን ካልሆነ አይጠቅምም የሚለውን አትስሙ። ኪውኤልሲ የሚባለው፣ በአንድ ሴል አራት ቢት የሚይዘው ርካሹ ዓይነት ለንባብ ክፉ አይደለም፤ የውስጥ ካሹ (ፈጣኑ ጊዜያዊ ቦታው) ከሞላ በኋላ ግን የመጻፍ ፍጥነቱ ከሃርድ ዲስክ በታች ሊወርድ ይችላል፣ ግንባታ ደግሞ ድራይቩን ከዳር እስከ ዳር መጻፍ ነው። እኔ አልገዛውም።

ያልቃል ብላችሁ ግን አትስጉ። የተለመደ ባለ 1 ቴራባይት ቲኤልሲ 600 ቴራባይት እንዲጻፍበት ዋስትና ይሰጠዋል፤ በየቀኑ 50 ጊጋባይት ብትጽፉ ከ32 ዓመት በላይ ነው። በቤት ያን ያህል የሚጽፍ ማን አለ?

ሬይድ 5ን ትቼ ሁለት ጥንድ መስታወት አድርጌዋለሁ፤ በእያንዳንዱ ጥንድ ሁለቱ ድራይቮች ያንኑ ዳታ ይይዛሉ ማለት ነው። ቦታ ይበላል፤ ነገር ግን ሲገነባ የሚሠራው አንዱ ጥንድ ብቻ ስለሆነ ሌሎቹ ያርፋሉ። በእያንዳንዱ ጥንድ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ድራይቮች ከተለያየ አምራች ናቸው። መመሪያዎች አንድ ዓይነት ግዙ ይላሉ፤ እኔ በጥብቅ እቃወማለሁ። በ2019 የሰርቨር አምራቹ ኤችፒኢ አንዳንድ የሰርቨር ኤስኤስዲዎቹ በፈርምዌር ስህተት የተነሳ 32,768 ሰዓት እንደሠሩ እንደሚሞቱ አስታውቆ ነበር። አብረው የተገዙ፣ አብረው የበሩ ድራይቮች በአንድ ሰዓት ይሄዳሉ ማለት ነው፤ መስታወት ከዚህ አያድንም።

ሙቀቱን በተመለከተ ከድራይቮቹ ወደ ብረቱ ክዳን የሚያሸጋግር ቴርማል ፓድ አደረግኩ፤ አሁን በስክረብ ጊዜም ከ65 አይበልጥም። እንደገና ብገዛ ግን አካሉ ሙሉ አሉሚኒየም የሆነ፣ ፋኑም ሰፊ የሆነ እመርጣለሁ፤ ትንሽ ፋን ሲፈጥን የሚያወጣው ሲር የሚል ድምፅ ከሃርድ ዲስክ ይልቅ ይረብሻል። ብዙ ቴራባይት ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ይህ ዓይነት ሳጥን አይሆንም፤ ሃርድ ዲስክ ዛሬም በቴራባይት ሲሰላ ይረክሳል።

የባክአፑ ቅጂም ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፣ ከሳጥኑ ተነቅሎ የሚቀመጥ። የቺፕ ኢንዱስትሪውን ደረጃዎች የሚያወጣው ድርጅት ጄዴክ ባወጣው መለኪያ መሠረት የቤት ኤስኤስዲ የመጻፍ ዕድሜውን ከጨረሰ በኋላ ያለ ኤሌክትሪክ በ30 ዲግሪ ዳታውን እንዲይዝ የሚጠበቅበት 1 ዓመት ነው። አዲስ ድራይቭ ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ቢሆንም ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ የማስቀምጠውን በዚህ ላይ አልጥልም።

ልትገዙ ካሰባችሁ ለሻጩ አስቀድማችሁ አንድ ጥያቄ ጻፉለት፦ ሁሉም ማስገቢያ ተሞልቶ ግንባታ ሲካሄድ ሳጥኑ ስንት ዋት ይስባል፣ አብሮት የሚመጣው አዳፕተርስ ስንት ነው? ሁለት ቁጥር ከመለሰላችሁ አወዳድሯቸውና ወስኑ። የፍጥነት ሰንጠረዥ ከላከላችሁ ሌላ ሳጥን ፈልጉ።