ልጄን ወደ ሰማይ መልስልኝ

ይህን ምስክርነት እጽፋለሁ ብዬ ለእማዬ ቃል ከገባሁ ቆየሁ። ያዘገየኝ ስንፍና ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ቁጭ ብያለሁ።

ፓይለት ነኝ። አገር ቤት ዳሽ 8 ኪው 400፣ ያቺን ባለ ፕሮፔለሯን፣ ሳበርር ቆይቼ የባሕረ ሰላጤው አካባቢ አንድ አየር መንገድ ገባሁና ወደ ትልቁ ጄት ተሻገርኩ። ከዚያ መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና መጣና በረራው ቀጥ አለ። መጀመሪያ ያለ ደመወዝ እረፍት አሉን፣ ሰኔ ላይ ደግሞ «እስክንጠራችሁ» የሚል ደብዳቤ ሰጡን። ሻንጣዬን ይዤ እማዬ ቤት ገባሁ።

ፓይለት ቤት ሲቀመጥ ፈቃዱም አብሮት ይበሰብሳል። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነሥተህ ሦስት ጊዜ ካላረፍክ መንገደኛ መጫን አይፈቀድልህም። በየስድስት ወሩ በሲሙሌተር፣ መሬት ላይ ባለው የበረራ መለማመጃ፣ ፈተና አለ፣ የጤና ማረጋገጫውም በየጊዜው ይታደሳል፣ ሁሉም በገንዘብ ነው። ያን ጊዜ የሚፈለገው ካርጎ፣ የዕቃ ጭነት በረራ፣ ነበር፣ ምክንያቱም የመንገደኛ አውሮፕላኖች ሲቆሙ በሆዳቸው ይጭኑት የነበረው ዕቃ መሄጃ አጣ። እኔም ለካርጎ ድርጅቶች ያልጻፍኩት የለም። እነሱ ግን የሚፈልጉት የእነሱን አውሮፕላን ያበረረ ሰው ነው፣ የዓለም ፓይለት ደግሞ ግማሹ እንደኔ ቤቱ ቁጭ ብሏል።

ጸሎቴ አንድ ነበር፦ ወደዚያው ጄት መልሰኝ። እማዬ ግን ሳትነግረኝ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ሄዳ ተስላ መጣች። ምን ብለሽ ተሳልሽ ስላት «ልጄን ወደ ሰማይ መልስልኝ አልኩት» አለች። «እማዬ፣ እባክሽ እንደሱ አይባልም!» ብዬ ሳቅሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

ጥር ላይ አንድ ወኪል ነኝ ባይ አገኘኝ። የኮንትራት ሥራ አለ፣ ለፕሮሰስ 1,500 ዶላር ብቻ አስቀድም። ተስፋ የቆረጠ ሰው አይጠይቅም። ዱባይ ያለ ጓደኛዬ ሊከፍልልኝ፣ እኔ ብሩን እዚህ ለቤተሰቡ ልሰጥ ተስማማን። ጠዋት ባንክ ሄድኩ፣ «ሲስተም የለም»። ከሰዓት ተመለስኩ፣ አሁንም ሲስተም የለም። ገንዘብ ከፋይዋ ላይ ጮህኩባት፣ ይቅር ይበለኝ። ማታ ድሮ አብሬው የበረርኩ ካፒቴን ደወለና እግረ መንገዴን ነገርኩት። ዝም አለ። ያው ሰውዬ ከእሱ ወስዶ ስልኩን ዘግቷል! (እናንተም ስሙ፣ የሚቀጥር ሰው ከተቀጣሪ ገንዘብ አይለምንም።)

ያው ካፒቴን ሊዘጋው ሲል «ዳሽ ግን አሁንም ትዝ ይልሃል?» አለኝ። ሲቪዬ ላይ ዳሽን መጨረሻ ላይ በትንሹ ነበር የጻፍኳት። አፍሬባት ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ለካ ናይሮቢ ያለ አንድ ድርጅት የእርዳታ ሠራተኞች ወደ ደቡብ ሱዳን ለማመላለስ የዳሽ ረዳት አብራሪ ቸግሮታል። የእነሱ አሮጌው ዳሽ 100 ነው፣ 37 ሰው የሚይዘው። የሲሙሌተር ማደሻዬን እነሱ ከፈሉ፣ የሁለቱን ልዩነት አሠለጠኑኝ፣ የካቲት መጨረሻ ላይ ሎግቡኬን፣ በረራዬን የምመዘግብበትን ደብተር፣ ከፈትኩ። ከመጨረሻው መስመር በታች ከ11 ወር በኋላ ጁባ - ሩምቤክ ብዬ ስጽፍ እስክሪብቶው እምቢ አለኝ፣ ደርቆ ነበር። የካፒቴኑን ተዋስኩ።

ሥራው ምቾት የለውም። ስድስት ሳምንት ሥራ፣ ሦስት ሳምንት እረፍት፣ ክፍያው በቀን ነው፣ ጡረታ የለ፣ ምን የለ። አንዳንዱ ሜዳ ቀይ አፈር ነው፣ ከማረፍህ በፊት ዝቅ ብለህ አልፈህ ፍየሎቹን ታባርራለህ። ጄቱ ላይ አውቶፓይለቱ ነበር የሚያበርር፣ እዚህ ግን እጄ ሥራ አገኘ።

እረፍቴ ከሐምሌ 19 ጋር ገጠመ። እማዬና እኔ ስለቷን፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ጃንጥላ፣ ይዘን ቁልቢ ወረድን። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡ ሴትዮ «ለምን ተስለሽ ነው እታለም?» አሏት።

«ልጄን ወደ ሰማይ መልሶልኝ» አለች እማዬ፣ ኮራ ብላ።

ሴትዮዋ ደነገጡ። እጇን ያዝ አድርገው «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏት።