ሲጥ ሲጥ የምትለውን ነገር እንዴት አገኘኋት

መኪናችን የኋላ ወንበሯ የሚታጠፍ አሮጌ ትንሽ መኪና ናት። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በአስፋልቱ ስሄድ ዝም ትላለች። ወደ ሰፈራችን ኮብልስቶን ስገባ ግን ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ! ባለቤቴ ከበሩ ነው ትላለች፤ እኔ ዳሽቦርዱን ነበር የጠረጠርኩት። ልጃችን ደግሞ ከኋላ ሆና «አባዬ፣ ምንም አይሰማም እኮ!» ትለናለች። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ጋራዥ ስወስዳት ልጁ ገና ከስር ሳያያት «ጋሼ፣ ቡሽ ነው፤ ይቀየር» አለኝ። ቡሽ የሚለው እግሯ መጋጠሚያ ላይ ያለውን ጎማ ነው። ይሆናል፤ ግን ብር ከማውጣት በፊት መለየት አይከፋም። አቁሜ ሞተሩን አስነሳሁ፤ ዝም። በአራቱም ማዕዘን እየተጫንኩ አወዛወዝኳት፤ ዝም። አንድ ጎማዋን ብቻ ጉብታ ላይ ሳወጣ ጮኸች። ቦዲዋ ትንሽ ሲጣመም ውስጥ የሚፋተግ ነገር አለ ማለት ነው።

ከዚያ ዕቃ ማራገፍ። ክሪኩ ከማሰሪያው ላልቶ ነበር፤ እሱን ሳጠብቀው አንድ የቆየ ኳኳታ አብሮ ጠፋ። ሲጥ ሲጡ ግን አለ።

መኪና ውስጥ ጆሮ አይታመንም። ድምፁ መስታወትና ፕላስቲክ ላይ እየነጠረ ከሌላ ቦታ የመጣ ይመስላል። እጅ ይሻላል፤ የጠረጠሩትን መጫን፣ ዝም ካለ እሱ ነው። መሪውን ለወንድሜ ሰጥቼ ልዳስስ ኋላ ስገባ ድምፁ ጠፋ። ፊት ስመለስ ጀመረ። ለካ ልጄ እውነቷን ነው! እሷ ስትደገፍ መደገፊያውን ታፍነዋለች፤ ባዶ ሲሆን ይጮሃል።

ወንበሩን አጥፌ አየሁት። መቆለፊያው የሚነክሰው የብረት ቀለበት በአንድ ጎኑ ቀለሙ ተፍቆ ያብለጨልጫል። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚጠቀለልበትን የጨርቅ ቴፕ አንድ ዙር ጠቀለልኩበት። አንድ ዙር ብቻ፤ ከወፈረ ወንበሩ በደንብ ላይቆለፍ ይችላል፣ እሱ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ዘግቼ በኃይል ጎትቼ አረጋገጥኩ።

ጠዋት ብርድ ላይ ብቻ የሚሰማው ሌላው ድምፅ የበር ጎሚኒ፣ በሩ ዙሪያ ያለው ጎማ፣ ነበር። ፌስታል ቀድጄ በጎሚኒውና በበሩ መሃል ዘጋሁበት፤ ዝም አለ። ቦታው ከታወቀ ሥራው ቀላል ነው፦ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ፣ አድርቆ፣ የሲሊኮን ቅባት (ማጣበቂያውን ሲሊኮን አይደለም) መቀባት። ግሪስና የሞተር ዘይት ግን ይቅርባችሁ፤ ጎሚኒ ያሳብጣሉ፣ አቧራም ይሰበስባሉ።

ዳሽቦርዱ ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር አሁንም አለ። ፕላስቲኩ ፀሐይ ሲሞቀው ይተወዋል። በዚያ በኩል ኤርባግ ስላለ ግን ፈትቼ አልነካካውም። ሬዲዮ እከፍታለሁ።