ጡጦውን ያየ ሁሉ ዳኛ ነው

"እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብሎ የገባ እንግዳ ሁሉ ቀጥሎ የሚጠይቀው ያው አንድ ነገር ነው፤ "ልጁ ጡት ያዘልሽ?" እኔ ቨርጂኒያ ነው የወለድኩት፣ በጥር ብርድ። ጠረጴዛው ላይ ጡጦ ያየ ሰው ፊቱ ወዲያው ይቀየራል። "ምነው፣ ወተት የለሽም እንዴ?" የሚሉም አሉ፣ ሱቄን ዘግቼ የተቀመጥኩ ይመስል።

ልጄ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሳብኝ። ጨቅላ ትንሽ መክሳቱ ያለ ነው። ከተወለደበት ክብደት 7 በመቶ ያህል ቢቀንስ ሐኪሞች ብዙም አይደነግጡም፤ 10 በመቶ ሲሞላ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የኔው ከዚያም አልፎ ነበር፣ ዐይኑም ቢጫ ሆነ። ሐኪሟ "ካጠባሽው በኋላ ፎርሙላ፣ የጣሳ ወተት ጨምሪለት" ስትለኝ አለቀስኩ። ልጁ ግን ብዙም ሳይቆይ ዳይፐሩን ማርጠብ ጀመረ፣ ቢጫውም ለቀቀው።

ለእማዬ በስልክ ስነግራት ትንሽ ዝም ብላ "አንቺን እኮ ሁለት ዓመት ነው ያጠባሁሽ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን እሷ እኔን ስታጠባ አያቴ ገንፎውን ታገነፋለች፣ አጥሚቱ ከጎረቤት ይመጣል፣ ታላቅ ወንድሜን አክስቴ ትይዘዋለች፣ የሴት ልጅ ክርስትና በ80 ቀን ነውና እስከዚያ ድረስ እማዬ ከቤት ንቅንቅ አላለችም። እኔን ልታርሰኝ ልትመጣ ነበር፣ ቪዛ ተከለከለች። ባሌ ሌሊቱን ኡበር ይነዳል። እኔ በአንድ እጄ ልጅ ይዤ፣ በሌላው የቀዘቀዘ ፓስታ እየበላሁ ነው ወተት የምጠብቀው። ማጥባት የእናትየዋ ብቻ ሥራ ነው ያለው ማን ነው? የቤት ሙሉ ሰው ሥራ ነው። ሰው ሁሉ ሲጎድል ግን ጥፋቱ የሚቆጠረው በጡቷ ነው።

እህቴ ፍራንክፈርት ወልዳለች። እዚያ አዋላጇ ቤት ድረስ ትመጣለች፣ በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት በየቀኑ፣ ክፍያውን የጤና መድን ይሸፍነዋል። ልጁን ትመዝነዋለች፣ አጠባቡን ታስተካክላለች። ከወሊድ በኋላ ለ8 ሳምንት እህቴ ደሞዟ አልተነካም። አገር ቤት እንኳ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለወለደች ሴት ከነደሞዟ 90 ቀን ይሰጣል። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ግን የሚፈቅደው 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው፣ ያውም ትልቅ መሥሪያ ቤት ቢያንስ አንድ ዓመት ለሠራ ሰው። ያለ ደሞዝ ሦስት ወር ማን ይቀመጣል? ኪራዩ አራስ ነኝ ቢሉት አይሰማ።

የምሠራው ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። የወተት ማለቢያ ፓምፑን መድኔ በነፃ ሰጥቶኛል፣ አልዋሽም። ከ2022 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮም የምታጠባ ሠራተኛ ልጇ አንድ ዓመት እስኪሆነው ድረስ የማለቢያ ጊዜና ሽንት ቤት ያልሆነ ቦታ እንድታገኝ ሕግ ወጥቷል። አለቃዬ ያሳየችኝ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫውን ነው። ሽንት ቤትስ አይደለም! መጥረጊያና በረኪና መሃል ቆሜ እየታለብኩ የአንዱ ታካሚ ደወል ይጮሃል፣ አቋርጬ እሮጣለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ወተቱ ቀነሰ፣ በኋላም ደረቀ።

ምክሩማ ሞልቷል። አንዷ እትዬ "ሆዱን ያለሰልስለታል" ብለው ለጋ ቅቤ ይዘውልኝ መጡ። ሌላዋ "ውሃ አቅምሺው፣ ጠምቶት ነው" አሉኝ፤ ከ6 ወር በፊት ውሃ አይሰጥም ብል ማን ይሰማኛል። ፀሐይ አሙቂው የሚሉኝም ነበሩ፣ በቨርጂኒያ ጥር! እዚህ ጡት ለሚጠባ ልጅ በቀን 400 ዩኒት ቫይታሚን ዲ በጠብታ ነው የሚታዘዘው፤ የእናት ወተት ብቻውን ያንን አይሞላውም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ፎርሙላ ውድ ነው፣ እና ጣሳው ቶሎ እንዳያልቅ ውሃ የሚያበዙ እናቶች አሉ። ልኩ ጣሳው ላይ ተጽፏል፣ እዚህ በአብዛኛው ለ60 ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ማንኪያ ነው። ሲቀጥን የልጁ ሰውነት ውስጥ ጨው ይወርድና እስከ መንቀጥቀጥ ያደርሰዋል። ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ዊክ የሚባለው ፕሮግራም ፎርሙላ ይሰጣል፣ ግን ጡጦዋን እንግዳ ሲመጣ ካቢኔ ውስጥ የምትደብቅ ሴት እንዴት ነው ወተት አለቀብኝ ብላ የምትጠይቀው? ማንንስ?

አሁን አንዷ ጓደኛችን ልትወልድ ደርሳለች። ሴቶቹ ተሰብስበን ተራ አወጣን። አጥሚቱና ገንፎው ተከፋፍሏል፣ ልብስ የሚያጥብ አለ፣ እንድትተኛ ሌሊት ልጁን የሚይዝላት አለ። ጡት ይሁን ጡጦ እሷ ታውቃለች ብለናል፣ የሚጠይቃት ሰው ከተራው ይሰረዛል። የኔ ሐሙስ ሌሊት ነው።