ለእትዬ የገዛሁት ካፖርት

ባለፈው ታኅሣሥ ከካናዳዋ ኤድመንተን ወደ ደሴ ስመጣ የሻንጣዬን ግማሽ የያዘው አንድ ካፖርት ነበር። ለእትዬ ነው። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ወፍራም ሴት ናት፣ እኔም እንደሷ ነኝ፤ በቤታችን ሴቶቹ ሁላችን ደልደል ያልን ነን።

የደሴን ታኅሣሥ የኖረበት ያውቀዋል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ነው፤ ማታ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። እትዬ ሱቋን ልትከፍት የምትወጣው በሹራብ ላይ ጋቢ ደርባ ነው። ጋቢ ይሞቃል፣ ግን እጅ ያስራል። አንዱን ጫፍ ስትሰበስቢ ሌላው ይወርዳል። እና እሷ ሁለቱም እጇ ነፃ ሆኖ እንድትሠራ ብዬ ነው ካፖርቱን የገዛሁት።

ከመስቀያው ላይ ትልቁን ቁጥር አነሳሁ። ጥቁር፣ ላባ የተሞላ፣ ወፍራም። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ ለበሰችው። ዚፑ ሆዷ ላይ ያለችግር ተዘጋ። ትከሻው ግን ወደ ክንዷ ወርዷል፤ እጅጌው ጣቶቿን አልፎ ተንጠልጥሏል፤ የላይኛው ክንዷ ላይ ደግሞ በተቃራኒው ጠቦ ስኒ ለመቀበል እጇን ስትዘረጋ ያዛት። ጎረቤታችን «ወላሂ ደህና ካፖርት ነው» ብላ ልታረጋጋኝ ሞከረች። እትዬ «ይሞቃል፣ እግዜር ይስጥልኝ የኔ ዓለም» አለችና አውልቃ፣ በደንብ አጥፋ፣ አልጋ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ጋቢዋን ተከናነበች። አቦሉ ሳያልቅ ገባኝ። እኔ ላይ የደረሰውን ነው እሷ ላይ የደገምኩት።

ኤድመንተን የገባሁት በጥቅምት ነው። ደሴ ስላደግሁ ብርድ አውቃለሁ ብዬ ነበር። ጥር ላይ ከዜሮ በታች 30 ሲደርስ፣ ትንፋሽ ስስብ የአፍንጫዬ ውስጥ ሲደርቅና ሲጣበቅ፣ ለካ አላውቅም ነበር። ልብስ ልገዛ አንድ ትልቅ ሱቅ ገባሁ። ሻጯ ገና ሰላም ሳልላት ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ያንቺ ልክ እዚያ ጥግ ነው» ብላ በጣቷ ጠቆመችኝ። ጥጉ ላይ የተሰቀለው ሁሉ ጥቁርና ግራጫ ነበር፣ ወገብ የሌለው፣ እንደ ጆንያ ቀጥ ያለ። እኔ እኮ «ወፈርሽ፣ አማረብሽ፣ ተመችቶሻል» እየተባልኩ ያደግሁ ልጅ ነኝ። በዚያ ቀን ግን ሰውነቴ መደበቅ ያለበት ነገር ነው ብዬ አመንኩ። ምንም ሳልገዛ ወጣሁ፤ በሌላ ቀን ከወንዶች ክፍል ትልቅ ጃኬት ገዝቼ አምስት ክረምት ለበስኩት። በነዚያ ዓመታት ለእትዬ የላክሁላት ፎቶ ሁሉ ከአንገት በላይ ነው። አንድም ቀን ለምን ብላ አልጠየቀችኝም።

ከዚያ ያወጣችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። በአገሯ ልብስ ሰፊ ነበረች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከቦርሳዋ ሜትር አወጣችና ቁሚ አለችኝ። የለካችኝ ሹራቤን ሳታስወልቅ ነው፤ ካፖርት የሚለበሰው ከሹራብ በላይ ስለሆነ። ደረቴን፣ የላይኛው ክንዴን ዙሪያ፣ ዳሌዬን፣ ከትከሻ እስከ ትከሻ። በሴንቲሜትር ወረቀት ላይ ጻፈችልኝና «ቁጥሩን ተዪው፣ ይሄን ያዢ» አለችኝ። ቁጥር ከአምራች አምራች ይለያያል፤ የአንዱ 20 የሌላው 16 ሊሆን ይችላል። ሴንቲሜትር ግን ሴንቲሜትር ነው። ያቺ ወረቀት እስከ ዛሬ ስልኬ ሽፋን ውስጥ አለች።

የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ነው የምትሠራው፤ ያ በ2009 የተመረቀው። እሁድ ስትመጣ ካፖርቱን ገልብጣ ስፌቱን አየችና «አክስቴ፣ ይሄ እኮ ለወፍራም ሰው የተቆረጠ አይደለም» አለችኝ። መጀመሪያ ፓተርን፣ ጨርቁ የሚቆረጥበት ንድፍ ማለት ነው፣ የሚሠራው ለመካከለኛ ሰው ነው። ሌላው ቁጥር የሚወጣው ከዚያ ላይ በየልኩ ትንሽ ትንሽ እየተጨመረ ነው። ትንሽ ከፍ ሲል ይሠራል። በጣም ሲርቅ ግን ትከሻውም እጅጌውም አብሮ ያድጋል፤ ሰው ሲወፍር ደግሞ ትከሻው ያን ያህል አይሰፋም፣ እጁም አይረዝምም። የሚጨምረው ክንዱ፣ ደረቱ፣ ሆዱ፣ ዳሌው ነው። ለወፍራም ሴት ተብሎ ከመጀመሪያው የተሠራ ፓተርን ያንን ያውቃል። ስንት ዓመት ጥፋቱ የሰውነቴ ሲመስለኝ የኖርኩት ነገር የፓተርን ነገር ሆኖ ተገኘ። ተነስቼ ሳምኳት።

ስለዚህ እኔ አሁን መጀመሪያ የማየው ትከሻ ነው። ስፌቱ የትከሻ አጥንቴ ጫፍ ላይ ካረፈ የቀረው ይስተካከላል። ክንድሽ ወፍራም ከሆነ ደግሞ እጅጌው ከአንገት ጀምሮ ሰያፍ የተሰፋ ፈልጊ፤ ብብት ላይ ሰፋ ይላል። ስትለኪ መስታወት ፊት ቆመሽ ብቻ አትለኪ። ራስሽን እቀፊ፣ እጅሽን አንሺ፣ ቁጭ በይ። ቁጭ ስትዪ ዳሌሽ ላይ ከተሸበሸበ ታክሲ ውስጥ ትሰቃያለሽ፤ ለዚህ ከታችም የሚከፈት ዚፕ ያለው በጣም ይጠቅማል። ላባ የተሞላ ከሆነ ስፌቱ አግድም በወፍራሙ ከተከፋፈለ ጎማ በጎማ ላይ ያስመስላል፣ ጎንና ጎኑ ላይ ቁልቁል የተሰፋው ግን ወገብ ያወጣል። ላባ ሲረጥብ ሙቀቱን ያጣል፤ ለደሴ ሐምሌና ነሐሴ አይሆንም። ሱፍ ይሻላል። ይሄንን አባቶቻችን በርኖስ ሲለብሱ ያውቁት ነበር።

ጥቁር ያቀጥናል የሚሉትንም እኔ አልቀበልም። ያቀጥን አያቀጥን፣ ለምንድን ነው ሁልጊዜ መቅጠን ያለብን?

ካፖርቱን ይዘን ፒያሳ አንድ አሮጌ ልብስ ሰፊ ጋ ሄድን። ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አገላበጡት። «እጅጌውን አሳጥረዋለሁ። ትከሻውን ግን አልነካም፣ ከከፈትኩት ላባው ይፈሳል» አሉ። እውነታቸውን ነው። እጅጌ ይታጠፋል፣ ወገብ ይሰበሰባል፣ የላባ ትከሻ ግን ከባድ ነው። ካፖርቱ ለእትዬ ባል ሆነ፤ እሳቸው ረጅም ናቸው፣ ልክ የሳቸው ነው የሚመስለው።

በማግስቱ ሰኞ ገበያ ሄደን ሳልባጅ ስናገላብጥ ዋልን። እትዬ እጇ ጥቁር ጥቁሩ ላይ ብቻ ያርፋል። እኔ ከሥር አንድ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ካፖርት መዝዤ አወጣሁ። የውስጡን ጽሑፍ አነበብኩ፣ 80 በመቶ ሱፍ። ገበሩ ሙሉ ነው፣ የተቀደደ የለም። «በኔ ዕድሜና ውፍረት ይሄን?» አለች። «ልበሺው ብቻ» አልኳት። ትከሻው ልክ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ደረቷ ላይ ቁልፎቹ መሃል አፉን አልከፈተም። ዳሌዋ ላይ ግን ያዛት፣ ፊቷ ሲከፋ አየሁት፣ ልታወልቀው ቁልፉን መፍታት ጀመረች።

ይዘነው ሽማግሌው ጋ ተመለስን። «እታለም፣ ዙሪ እስቲ» አሏት። ከኋላዋ ጎንበስ ብለው አዩና ምላጭ አነሱ። ካፖርቱ ከኋላ ከታች በኩል የሚከፈት ቅድ አለው፤ ይሄ ቅድ ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይበላሽ በመስቀለኛ ክር ይያዛል፤ የመጀመሪያዋ ባለቤትም ሳትቆርጠው ነው የኖረችው። ሽማግሌው ክሩን ጠቅ አደረጉት። ቅዱ ተከፈተ፣ ካፖርቱ ዳሌዋ ላይ ወረደ። እትዬ ሁለቴ ተራመደች። ቁጭ አለች፣ ተነሳች። እጅጌውን ሁለት ጣት ያህል አሳጠሩላት፣ የላላች አንድ ቁልፍ አጠበቁ። ስንከፍል መልሱን አልቀበልም ብላ ተወችላቸው፤ እትዬ በቀላሉ ሳንቲም የምትተው ሴት አይደለችም።

ከሁለት ቀን በኋላ ልጇን ልናይ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ግድም ቢሆን ነው፣ ግን ከደሴ ብርድ ወደ ሌላ አየር ያወርድሻል። የሐረጎን ጥምዝምዝ ስንጨርስ ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ሻርፑንም ሹራቡንም አወለቀ። የእትዬ ግንባር አልቧል።

«እትዬ፣ አውልቂው እንጂ።»

«ልጄ ትየኝ መጀመሪያ።»

መናኸሪያው ላይ ልጅቷ ከሩቅ አየችንና እየሮጠች መጣች። ሰላም ከማለቷ በፊት በሁለት ጣቷ የእናቷን የትከሻ ስፌት ዳበሰች።